ነቢያትን ስታነቡ ቁጣውንም ርኅራኄውንም ሳትዘሉ እንዴት ታነባላችሁ? ሦስት እስክሪብቶ ይበቃል

ትንቢት የሚያነብ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው። አንዱ «በዘላለም ፍቅር ወድጄሻለሁ» የሚለውን ቆርጦ ፕሮፋይሉ ላይ ይለጥፋል፣ ከላይና ከታች ምን እንዳለ ግን ዞሮ አያይም። ሌላው ደግሞ ቁጣ ቁጣውን ብቻ ለቅሞ ለማይወደው ሰው ፎርዋርድ ያደርጋል። እኔ በተለያየ ዘመን ሁለቱንም ሆኜ አይቼዋለሁ፣ ስለዚህ ማንንም ልወቅስ አይደለም። ቤት ውስጥ ከስድስት ሰባት ሰው ጋር ማንበብ ከጀመርን በኋላ ግን አንድ መንገድ አገኘን፣ እሱን ልንገራችሁ። ሊቅ መሆን አያስፈልግም። ዕብራይስጥም አይጠበቅባችሁም፣ ሦስት አራት ቃል በመንገድ ላይ እነግራችኋለሁ።

የሚያስፈልገው፦ መጽሐፍ ቅዱስ፣ ሦስት ቀለም እስክሪብቶ (ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ)፣ ሁለት ሦስት ባዶ ወረቀት። ስልክ ላይ ያለው አፕ ለመፈለግ ጥሩ ነው፣ ለዚህ ግን አይሆንም፣ ምክንያቱም ምዕራፉን በሙሉ ባንድ ዓይን ማየት አለባችሁ። መጽሐፋችሁ ላይ መጻፍ የሚከብዳችሁ ካላችሁ (እናቴ ብታየኝ ትገለኝ ነበር) ምዕራፉን ፕሪንት አድርጉት ወይ ኮፒ አስነሱት። የመጽሐፍ ቅዱስ ወረቀት ስስ ስለሆነ ሃይላይተር ወደ ጀርባው ያልፋል፣ ተራ እስክሪብቶ ይሻላል።

መጀመሪያ፦ ዘመኑን ከገጹ ራስ ላይ ጻፉ

ይሄን ሰው ሁሉ ይዘለዋል፣ ከዛ «ይሄ ለኔ ነው» ብሎ ይጀምራል። ቆይ። ለአንተም ሊሆን ይችላል፣ መጀመሪያ ግን ለነማን እንደተባለ እወቅ። አሞጽና ሆሴዕ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ8ኛው መቶ ዓመት ነው የተናገሩት፣ ሁለቱም ለሰሜኑ መንግሥት ለእስራኤል፣ በዳግማዊ ኢዮርብዓም ጊዜ፣ ሆሴዕ ከሱም በኋላ ቀጥሏል። ያ ዘመን ላይኛው ሰው የበለጸገበት ነው፣ አሞጽ የክረምት ቤትና የበጋ ቤት ስላላቸው፣ በዝሆን ጥርስ አልጋ ላይ ስለሚጋደሙ ሰዎች ያወራል። በዋና ከተማቸው በሰማርያ ቁፋሮ ሲደረግ የዝሆን ጥርስ ቅርጻ ቅርጽ ተገኝቷል፣ ስለዚህ ሰውየው ዝም ብሎ እያጋነነ አልነበረም። ከዛ አሦር መጣ፣ ሰማርያ በ722 ወይም በ721 ወደቀች። ሚክያስና ኢሳይያስ በደቡቡ በይሁዳ ናቸው፣ እነሱ ዘንድ በ701 የአሦር ንጉሥ ሰናክሬም መጥቶ ለኪሶ የምትባለውን የይሁዳ ከተማ ደምስሷል። ሰናክሬም ያንን ከበባ በነነዌ ቤተ መንግሥቱ ግድግዳ ላይ በድንጋይ አስቀርጾት ነበር፣ ቅርጹ ዛሬ ለንደን በብሪቲሽ ሙዚየም አለ። ሚክያስ የዚያ የለኪሶ አካባቢ ሰው ነው። እሱ «ወዮ» ሲል ከሩቅ ስለሰማው ነገር አልነበረም፣ የሰፈሩ ነገር ነው። ኤርምያስ ወደ መቶ ዓመት ያህል ይዘገያል፣ ኢየሩሳሌም በ586 ስትወድቅ ነበረ።

ይሄን ሁሉ መሸምደድ አያስፈልግም። «ሆሴዕ፣ ሰሜን፣ ከ722 በፊት» ብላችሁ ከራሱ ላይ ከጻፋችሁ ይበቃል። ያቺ ቁጥር ኋላ ላይ ታስፈልጋለች።

ሁለተኛ፦ ሆሴዕ 11ን ቀለም ቀቡ

ለምን ሆሴዕ 11? አጭር ነው፣ እስከ ቁጥር 11 ብቻ ነው የምትሠሩት፣ ደግሞ ሁሉም ነገር እዛ ውስጥ አለ። አንድ ሰው ጮክ ብሎ ያንብብ። ከዛ እያንዳንዱ ለብቻው፣ ዝም ብሎ፣ ቅጣት የሚያወራውን በቀይ፣ ርኅራኄ የሚያወራውን በአረንጓዴ፣ «ለምን» የሚለውን ደግሞ፣ ማለትም ሕዝቡ ያደረገውን፣ በሰማያዊ ያስምር። አሥር ደቂቃ ስጡ። አትወያዩ።

እኛ ጋ የወጣው ይሄን ይመስላል። ቁጥር 1 አረንጓዴ፣ እስራኤል ሕፃን ሳለ እንደወደደው፣ ልጁን ከግብፅ እንደጠራው። 2 ሰማያዊ፣ በጠራቸው ቁጥር ሲርቁ፣ በኣል ለሚባለው ጣዖት ሲሠዉ። 3 እና 4 ድጋሚ አረንጓዴ፣ ለዛውም ምን ዓይነት አረንጓዴ፦ ኤፍሬምን (የሰሜኑ መንግሥት ሌላ ስሙ ነው) መራመድ ያስተማርኩት እኔ ነኝ፣ ክንዱን ይዤ፣ ጎንበስ ብዬ አበላሁት። ልጁን «ዳዴ» ሲያስብል የኖረ ሰው ንግግር ነው። 5 እና 6 ቀይ፣ አሦር ይገዛቸዋል፣ ሰይፍ በከተሞቻቸው ይዞራል፣ መሐሉ ላይ ደግሞ ሰማያዊ ጣልቃ ይገባል፣ «መመለስ እንቢ ብለዋልና»። 7 ሰማያዊ፣ ሕዝቤ ከእኔ መራቅን ሙጭጭ ብሏል።

ከዛ 8። አረንጓዴ። «ኤፍሬም ሆይ፣ እንዴት አሳልፌ እሰጥሃለሁ?»

እዚህ ጋ ሰዉን አስቁሙትና አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ በ7 እና በ8 መካከል ምን ተፈጠረ? ሕዝቡ ተመለሰ ወይ? ንስሐ ገባ? ንጉሡ ማቅ ለበሰ? ምንም። ዞር ብላችሁ ፈልጉ፣ የለም። 7 ላይ ያለው ሕዝብ 8 ላይም ያው ነው። የተለወጠ ነገር ካለ የተለወጠው በተናጋሪው ውስጥ ነው። የመጀመሪያ ጊዜ ይሄን ስናይ አንዱ ወንድማችን «እና ለምን አዘነ ታዲያ?» አለ፣ ማንም አልመለሰለትም፣ ሻይ ቀረበ።

ቁጥር 10 ላይ ደግሞ ክርክር ይነሳል፣ ተዘጋጁ። እግዚአብሔር እንደ አንበሳ ያገሣል፣ ልጆቹም እየተንቀጠቀጡ ይመጣሉ። ቀይ ነው አረንጓዴ? ምዕራፍ 5 ላይ ያ አንበሳ ሰባብሮ የሚሄድ ነው፣ 13 ላይም እንደዛው። እዚህ ግን ግሣቱ ልጆቹን ወደ ቤት ይጠራል። እኛ ግማሹ ቀይ ግማሹ አረንጓዴ አደረግነው፣ አንዲቷ እህታችን ደግሞ ሁለቱንም ደርባ ቡናማ አወጣች።

ሦስተኛ፦ አንዲት ቃል ተከተሉ

ሁሉንም ቃል አትቆፍሩ፣ አንዷን ብቻ። ቁጥር 8 ላይ «እንዴት እንደ አዳማ አደርግሃለሁ፣ እንዴት እንደ ሰቦይም?» ይላል። (አዳማ ሲባል ናዝሬት ትዝ እንዳይላችሁ፣ እኛ ጋ ሁሌ የሚስቅ አለ።) ዘዳግም 29 ላይ እንደምታገኙት ከሰዶምና ከገሞራ ጋር አብረው የጠፉ ከተሞች ናቸው። ዘፍጥረት 19 ላይ ሰዶም «ተገለበጠች» የሚባልበት የዕብራይስጥ ግስ «ሃፋክ» ነው፣ መገልበጥ። አሁን ሆሴዕ ላይ ተመለሱ። አዳማንና ሰቦይምን ጠርቶ እንደ ጨረሰ «ልቤ በውስጤ…» የሚለው ቦታ ላይ ያለው ግስ ያው ነው፣ ሃፋክ። አማርኛችሁ ላይ በሌላ ቃል ሊሆን ይችላል፣ ሥሩ ግን ያ ነው። ከተማዋ ላይ መውረድ የነበረበት መገልበጥ እግዚአብሔር ልብ ውስጥ ወረደ። እኔ ይሄን ካወቅሁ ጊዜ ጀምሮ ያንን ቁጥር ቶሎ ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ያው ግስ ዮናስ ላይም አለ፣ «ነነዌ ትገለበጣለች» የሚለው። በነገራችን ላይ እዛ ጋ ዕብራይስጡ አርባ ቀን ሲል የጥንቱ የግሪክ ትርጉም ሦስት ቀን ነው የሚለው፣ የናንተ የትኛውን እንደያዘ አውጥታችሁ እዩ፣ ጓደኛችሁ ሌላ እትም ካለው አነጻጽሩ።

አራተኛ፦ ርኅራኄው ላይ ቶሎ አትረፉ

አሁን ያቺን 722 አውጡ። ሰማርያ ወድቃለች። «እንዴት አሳልፌ እሰጥሃለሁ» ያለው ሰጥቷል ማለት ነው? አንዳንድ አስተማሪ ይሄን ጥያቄ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይዘጋዋል፣ እናንተ አትዝጉት። ምዕራፍ 13ን አንብቡ፣ ግልገሎቿን እንደተነጠቀች ድብ አገኛቸዋለሁ ይላል፣ መጨረሻው ላይ ያለው ነገር ለልጅ የሚነበብ አይደለም። ከዛ 14 «ተመለስ» ብሎ ይጀምርና በጠል፣ በአበባና በወይራ ይጨርሳል። 11 እንዲህ፣ 13 እንዲያ፣ 14 ደግሞ ሌላ። መጽሐፉን ያጠናቀሩት ሰዎች ሰማርያ እንደወደቀች እያወቁ 11ን አላወጡትም፣ 13ንም አላለሰለሱትም።

እኔ በበኩሌ የማነበው እንዲህ ነው፦ ፍርዱ ይመጣል፣ የመጨረሻው ቃል ግን አይሆንም፣ ቁጥር 11 ላይ ከአሦር ምድር እንደ ርግብ ይመለሳሉ የሚለው ለተማረከ ሰው ነውና፣ ያልተማረከ አይመለስም። «እኔ አምላክ ነኝ እንጂ ሰው አይደለሁም» የሚለውንም በዚህ ነው የምሰማው። ሰው ሲከዳ ወይ ይበቀላል ወይ «የራስህ ጉዳይ» ብሎ ይረሳል፣ ሦስተኛ መንገድ የለውም። ግን የኔ አነባበብ ነው፣ ባትስማሙ ቀለማችሁን ይዛችሁ ተከራከሩኝ።

እዚሁ ላይ የሆሴዕን ልጆች ስም አስታውሱ፣ ምዕራፍ 1። ሴቷ ልጅ ሎሩሃማ ትባላለች፣ «ምሕረት ያላገኘች» ማለት ነው። እኛ ሀገር ምሕረት የሚባል ስንት ልጅ አለ አይደል? አሁን ተቃራኒውን አስቡት፣ ማታ እራት ሲደርስ እናቷ ጎሜር በር ላይ ወጥታ «ምሕረት የለሽ! ነይ ግቢ!» ስትል፣ ጎረቤት ሁሉ እየሰማ። ትንቢቱ በየቀኑ በሰፈር ይጠራል። ሩሃማ የሚለው ቃል «ሬሔም» ከሚለው ጋር ዘመድ ነው፣ ማሕፀን። ስለዚህ ቃሉ «ይቅር ተባለ» ከሚለው በላይ የእናት አንጀት አለበት። ምዕራፍ 2 ላይ ያ «ሎ» የሚለው፣ «አይደለም» ማለት ነው፣ ከስሟ ይወድቅና ሩሃማ ብቻ ትባላለች። ሌላ ስም አልወጣላትም።

አምስተኛ፦ አሞጽን በካርታ

ባዶውን ወረቀት አውጡና መሐሉ ላይ «እስራኤል» ብላችሁ ጻፉ። አንዱ አሞጽ 1 እና 2ን ያንብብ፣ አንዱ በጠቋሚ መስመር ይሥራ። ደማስቆ፣ ሰሜን ምሥራቅ። ጋዛ፣ ደቡብ ምዕራብ። መስመር አገናኙ። ጢሮስ፣ ሰሜን ምዕራብ። ኤዶምያስ፣ ደቡብ ምሥራቅ። ይሄንንም አገናኙ። ሁለቱ መስመሮች የት ተላለፉ? እስራኤል ላይ። ቀጥሎ አሞን፣ ሞዓብ፣ ከዛ ወንድም የሆነው ይሁዳ፣ ቀለበቱ እየጠበበ ነው። አድማጩ እስካሁን «በላቸው!» እያለ ነው፣ የጎረቤት ኃጢአት ሲዘረዘር ማን ይከፋዋል? ስምንተኛው ራሱ እስራኤል ነው። ለዛውም ረዘም ያለው ለሱ ነው፦ ጻድቁን በብር፣ ችግረኛውን በአንድ ጥንድ ጫማ ሸጣችኋል።

ይሄን ስትሠሩ የራሳችሁን ሰው መሐሉ ላይ ጻፉ እንጂ ዳር ላይ አታድርጉት። ይሄን የምለው በደረሰብን ነገር ነው። አንድ ጊዜ አገር ሲታመስ በነበረበት ወቅት አሞጽን አንብበን ሁላችንም ደማስቆና ጋዛ ማን እንደሆነ እናውቅ ነበር፣ ስማቸውን እየጠራን፣ ሞቅ ብሎን። እስራኤል ጋ ስንደርስ ሰዓት አልቋል ብለን ተነሣን። ተመልሰን ስናስበው በጣም ያሳፍራል።

አሞጽ 9፥7ም አለላችሁ። በአማርኛው «የኢትዮጵያ ልጆች» የሚል ስላለበት ስክሪንሾት ተደርጎ ይዞራል፣ ኩራት ነው፣ አልጠላሁትም። ግን ሙሉውን አንብቡት። ዕብራይስጡ ኩሽ ነው የሚለው፣ ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን አገር፣ የሚናገረውም ለእስራኤል ነው፦ እናንተ ለኔ እንደ እነሱ አይደላችሁም ወይ፣ እናንተን ከግብፅ ካወጣሁ ፍልስጥኤማውያንንስ ከከፍቶር፣ ሶርያውያንንስ ከቂር ያወጣሁ እኔ አይደለሁም ወይ? «እኛ ልዩ ስለሆንን አይነካንም» ለሚል ሰው ይሄ ዱብ ዕዳ ነው፣ ለሌላው ሕዝብ ደግሞ የምሥራች። አንድ ቁጥር ነው፣ ቀዩም አረንጓዴውም እንደምትቀመጡበት ወንበር ይለያያል።

ስለ ወንበር ካነሣን፣ ፍርድ የሚለውን ቃል ራሱን በሁለት ጆሮ ስሙት። እኛ ፍርድ ሲባል ሲኦልና ቅጣት ነው የሚመጣብን። ግን መሬቷን የተቀማች መበለት «የዳኛ ያለህ!» ብላ ስትጮኽ ምን እየለመነች ነው? ፍርድ። ለሷ ፍርድ መዳን ነው። አሞጽ ፍርድ እንደ ውኃ ይፍሰስ ሲል የሷን አፍ ነው የሚናገረው። ምዕራፍ 8 ላይ ያሉት ነጋዴዎች ሰንበት መቼ ያልፋል እያሉ መስፈሪያውን ያሳንሳሉ፣ ሚዛኑን ያጭበረብራሉ፣ የስንዴውን ግርድ ይሸጣሉ። የተሰረቀባት ሴት ይሄን ስትሰማ «ጨካኝ አምላክ» አትልም። ስለዚህ ቀይ ባሰመራችሁበት ሁሉ አጠገቡ ሁለት ነገር ጻፉ፦ ይሄ ማንን ያስፈራል፣ ማንን ያስተነፍሳል? አንዳንዱ ቦታ ላይ ሁለተኛውን አታገኙም፣ ባዶ ተዉት።

ስድስተኛ፦ ማስጠንቀቂያ ነው ወይስ ውሳኔ?

አጭር ነው። ኤርምያስ 18ን አንብቡ፣ ሸክላ ሠሪው ቤት፣ በተለይ 7 እና 8፦ አጠፋዋለሁ ያልኩት ሕዝብ ከክፋቱ ከተመለሰ እኔም ሐሳቤን እመልሳለሁ። ከዛ ኤርምያስ 26። ሰዉ ኤርምያስን ሊገድለው ሲል ሽማግሌዎች ተነሥተው ሚክያስን ይጠቅሳሉ፣ «ጽዮን እንደ እርሻ ትታረሳለች» ያለውን፣ ሚክያስ 3፥12 ነው፣ ወደ መቶ ዓመት ገደማ ያለፈው ነገር። በሚክያስ ዘመን የነበረው ንጉሥ ሕዝቅያስ ገደለው ወይ? አልገደለውም፣ ፈራና ለመነ፣ ነገሩም ቀረ። ይሄ ክርክር የኤርምያስን ነፍስ ካተረፉት ነገሮች አንዱ ነው። ልብ በሉ፣ የሚክያስ ቃል በዘመኑ አልተፈጸመም፣ ግን ሐሰተኛ ነቢይ ነበር ያለው የለም። ያልተፈጸመው ስለሠራ ነው።

አሞጽ 7ንም ጨምሩ፣ አንበጣ አየ፣ «ያዕቆብ ታናሽ ነውና እንዴት ይቆማል?» ብሎ ለመነ፣ ቀረ። እሳት አየ፣ ለመነ፣ ቀረ። ሦስተኛው ላይ ቱንቢ ሲያይ ልመናው የለም። ለምን እንደሌለ ጠይቁ።

የማይደረግ

ሐዘን ላይ ላለ ሰው ቀዩን አታንብቡ። ከኛ መሐል አንዲት እህት ልጇን አጥታ ሳለ አንድ ሰው፣ ቀና ልብ ነበረው አልጠራጠርም፣ ጥቅስ ይዞ መጣ፣ «እግዚአብሔር የሚያደርገው ያለ ምክንያት አይደለም» ምናምን፣ ከነቁጥሩ። ከዛ ቀን ወዲህ አልመጣችም። ነቢያቱ ያን ቀይ ቃል የተናገሩት ለንጉሥ፣ ለካህን፣ ለዳኛ፣ ሚዛን ለያዘ ሰው ነው። ለሐዘንተኛ የተናገሩትን ከፈለጋችሁ ኢሳይያስ 40 ላይ ጀምሩ። ኤርምያስ ራሱ ፍርዱን እየተናገረ ዓይኔ የእንባ ምንጭ በሆነ ይላል፣ ስለዚህ ሳይከፋው ቀዩን የሚያነብ ሰው ካለ በናንተ ግሩፕ ውስጥ አንባቢነቱን ለሌላ ሰው ስጡት።

ሌላ፣ ስብሰባውን በቀይ አትዝጉት፣ ግን አረንጓዴ ፈልጋችሁ ከሌላ ቦታ አትለጥፉበት። አይሁድ ቆንጆ ልማድ አላቸው፣ የኢሳይያስ መጨረሻ ቁጥር ትሉ የማይሞት እሳቱ የማይጠፋ የሚለው ስለሆነ፣ ሲያነቡ እሱን ያነቡና ከሱ በፊት ያለውን ቁጥር ይደግሙታል። የመጨረሻው አልተሰረዘም፣ ተነቧል።

ለሦስት ቀን ከፈለጋችሁ

ጾመ ነነዌ ሰኞ፣ ማክሰኞና ረቡዕ ነው፣ እኛ በዛን ጊዜ የምናደርገው ይሄ ነው። ሰኞ ዮናስን በሙሉ ጮክ ብሎ ማንበብ፣ አራት ምዕራፍ ነው፣ ቡና ሳይፈላ ያልቃል። አይሁድም በስርየት ቀን ከሰዓት በኋላ የሚያነቡት እሱኑ ነው። ማክሰኞ ናሆምን፣ እሱም ስለ ነነዌ ነው፣ ግን ስለ ውድቀቷ፣ ከተማዋ በ612 ወድቃለች። ረቡዕ ወረቀት በሦስት አምድ ከፍላችሁ አንደኛው ላይ ዘጸአት 34፥6-7፣ ሁለተኛው ላይ ዮናስ 4፥2፣ ሦስተኛው ላይ ናሆም 1፥3 ጻፉ። ሁለቱም ከዘጸአት ያንኑ ቃል ነው የሚጠቅሱት፣ «ለቁጣ የዘገየ»። ዮናስ «በደለኛውን ሳይቀጣ አያልፍም» የሚለውን ትቶታል፣ ናሆም ደግሞ ምሕረቱን ትቶ «ኃይሉ ታላቅ» ብሎ ያንን ይዞታል። ለዛውም ዮናስ የሚጠቅሰው እያመሰገነ አይደለም፣ ተቆጥቶ ነው፣ «ይሄን እንደምታደርግ አውቅ ነበር» ብሎ።

ከዛ የሁለቱን መጻሕፍት መጨረሻ ቁጥር ተያይዛችሁ አንብቡ። ሁለቱም በጥያቄ ነው የሚያልቁት። የናሆም፦ ክፋትህ ሳይደርስበት የቀረ ማን አለ? የዮናስ፦ ቀኝና ግራቸውን የማይለዩ ከመቶ ሀያ ሺህ በላይ ሰዎች፣ ብዙ እንስሳም ላሉባት ለነነዌ አላዝንምን? ጥያቄዎቹን ወረቀቱ ግርጌ ላይ ጻፉና የመልስ ቦታ ተዉ፣ ሰፋ አድርጋችሁ፣ እኛ ዘንድ ባለፈው ጊዜ ቦታ አንሶን ወደ ጀርባው ተሻግረናል።